ፋይሉ ነው የታመመው ወይስ ዳታቤዙ? የአንድ ጥያቄና የ28 መልስ ወሬ

ጥያቄውን በኢንተርኔት መድረካችን ላይ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ክሩንም፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተደረደሩትን መልሶች፣ እኔ ባወራው ይሻላል። መልሶቹን እንዳሉ አልገለብጥም። ግማሾቹ ረጅም ናቸው፣ ሁለት ሦስቱ ደግሞ ጠብ ያለባቸው ናቸው። ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጥያቄዬ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የአባላት መዝገብ እሠራለሁ። ከየቀበሌው በኤክሴል የመጣውን ዝርዝር አንድ ላይ አድርጌ ኮማ የሚለየው የጽሑፍ ፋይል አደረግሁት፤ ሲኤስቪ የምንለውን። ስምንት ዓምድ አለው፦ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ፣ የተመዘገበበት ቀን፣ በብድር የወሰደው ማዳበሪያ፣ አድራሻ፣ መጨረሻ ላይ የሚገበይበት ከተማ። የቀኑን ዓምድ ከዚህ በፊት ኤክሴል አበላሽቶብኝ ስለነበር ከመጀመሪያው ቴክስት አድርጌ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል አስጽፌዋለሁ። በዚህ ኮርቼ ነበር። ስልኩን ግን ረሳሁት።

ከዚያ ማይኤስኪውኤል 8 በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ቴብል፣ ማለትም ሰንጠረዥ፣ ሠርቼ ፋይሉን እንዲጭን ሎድ ዳታ ኢንፋይል የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ስህተት ቁጥር 1290 ብሎ መለሰኝ። ሎካል የምትለዋን ቃል ጨመርኩ። እሱም ዝግ ነው አለኝ። አንድ ቦታ ያየሁትን ቅንብር ሳይገባኝ ቀዳሁና እንደምንም ገባ። የገባው ግን የእኔ ዳታ አይመስልም። ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ስልኩ መጀመሪያ ላይ ያለችው ዜሮ የለችም። ቀኑ እዚህም እዚያም ዜሮ በዜሮ ነው። ሌሊቱን አምሽቼ ስለነበር አጻጻፌ ትንሽ ያማርራል። የጠየቅሁት ግን ባጭሩ ይኸው ነው፦ የታመመው ፋይሉ ነው ወይስ ዳታቤዙ?

መልስ 1 ከወልድያ መጣ። ሰላምታው ብቻ አራት መስመር ፈጀ። ቤተሰቡን፣ ክረምቱን፣ የሐይቁን ውሃ ሳይቀር ጠይቆ በአብሽሪ ጨረሰ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። 1290 ጥበቃ እንጂ ብልሽት አይደለም አለ። ሰርቨሩ፣ ዳታቤዙን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ፋይል የሚያነበው ከተፈቀደለት አንድ ፎልደር ብቻ ነው። ፎልደሩ የቱ እንደሆነ ሰኪዩር ፋይል ፕሪቭ የሚባለውን ቅንብር ስንጠይቅ ይነግረናል። ፋይሉን እዚያ አስቀምጦ መጫን ነው። ዊንዶውስ ላይ ከሆንን ደግሞ ባክስላሽ ለማይኤስኪውኤል ሌላ ትርጉም ስላላት መንገዱን ስንጽፍ ሁለት ሁለት ጊዜ መድገም አለብን፤ ወይም በተራ ስላሽ እንተካታለን። ሎካል ስንል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፋይሉን የሚያነበው የእኔው ላፕቶፕ ነው፤ አንብቦ ለሰርቨሩ ይልካል። ከ8ኛው ዝርያ ጀምሮ ይህ በር ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ምክንያቱም ተንኮለኛ ሰርቨር ያልሰጠነውን ፋይል ከላፕቶፓችን ሊጠይቅ ይችላል። መክፈት ከፈለግን በሁለቱም ወገን፣ በሰርቨሩም በላፕቶፑም፣ መክፈት ነው። ሳይገባኝ የቀዳሁት ነገር ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

መልስ 2 አንድ መስመር ነበር። ትእዛዝ መጻፍ ምን ያደርጋል፣ ዎርክቤንች በሚባለው የማይኤስኪውኤል መስኮት ላይ በማውስ እየተጫኑ ማስገባት ይቻላል የሚል። መልስ 3 ወዲያው ተከተለው። ያ መንገድ ረድፎቹን አንድ በአንድ ስለሚያስገባ ለትንሽ ፋይል እንጂ ለብዙ ሺህ ረድፍ አይሆንም አለ። አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ተጠጥቶ፣ በረካው ላይ ሲደረስ ገና ግማሽ ነው ብሎ ቀለደ። 2 አልመለሰለትም።

መልስ 4 የጥያቄ ምልክቶቹን ያዘ። ፋይሉን በኖትፓድ እንድከፍተው ጠየቀኝ። ከፈትኩት። እዚያም የጥያቄ ምልክት ነው! እንግዲያው ዳታቤዙ ንጹህ ነው አለ። ኤክሴል ላይ ተራውን ሲኤስቪ ብለን ስናስቀምጥ ፊደላችንን በማያውቅ የድሮ ኮድ ነው የሚጽፈው። ያላወቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካል። ከዚያ በኋላ ሀ ነበረ ለ ነበረ ማንም አያውቅም፤ ጠፍቷል። መፍትሔው ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን፣ የእኛንም ፊደል የሚያውቀውን ኮድ፣ መርጦ እንደገና ማስቀመጥ ነው። ኤክሴል ከ2016ቱ ዝርያው ጀምሮ አለው። ሲጭኑም ለዳታቤዙ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 የተጻፈ መሆኑን መንገር ነው። ደግነቱ ዋናው የኤክሴል ፋይል ነበረኝ። ሲኤስቪውን ብቻ ይዛ ዋናውን የጣለች ሴት ብሆን ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

መልስ 5 በትሕትና አንድ ነገር ጨመረ። ኤክሴል በዚህ መንገድ ሲያስቀምጥ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ሦስት የማይታዩ ባይቶች፣ ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያስቀምጥባቸውን ትናንሽ ክፍሎች፣ ይተክላል። የመጀመሪያው መስመር የዓምዶች ስም ከሆነና እሱን ዝለል ካልን ችግር የለም። ርእስ የሌለው ፋይል ከሆነ ግን የመጀመሪያው ሰው መለያ ቁጥር ላይ ተጣብቀው ይገባሉ። ከዚያ ያ ሰው ሲፈለግ አይገኝም። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ሰው ብቻ እየጠፋ ያስቸገረው ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል አለ።

እስከዚህ ድረስ ክሩ የሻይ ቤት ጨዋታ ነበር። መልስ 6 መጣና አየሩን ለወጠው። ስልክ ቁጥር ቁጥር እንዳልሆነ ማን ነው የማያውቀው በሚል ጀመረ። አይደመር፣ አይቀነስ፣ ጽሑፍ ነው። ኤክሴል ግን ቁጥር ይመስለዋል፤ በ09 የሚጀምረውን በ9 ያስጀምረዋል። ዘጠኝ ዲጂት የቀረውን ከፊቱ ዜሮ ጨምሮ መመለስ ይቻላል። በ251 ተጀምሮ የተጻፈው ግን አሥራ ሁለት ዲጂት ስለሆነ ኤክሴል አሳጥሮ በሳይንስ አጻጻፍ ያሳየዋል። ሲኤስቪ ስናደርገው ደግሞ የሚጻፈው የታየው ነው። የመጨረሻዎቹ ዲጂቶች እዚያው ቀሩ። ይህን ሁሉ ሲናገር ሥራዬን የማላውቅ አድርጎ ነበር። ልክ ነው፤ ግን ለምን እንደሚቆጣ አልገባኝም። የእሱን ስልክ አልቆረጥኩበት።

መልስ 7 ሊያጽናናኝ የገባ የደሴ ሰው ነው። ኤክሴል ያልበላው አገር የለም አለ። በ2020 እ.ኤ.አ.፣ በኮሮናው ጊዜ፣ እንግሊዝ አገር 15,841 በበሽታው የተያዙ ሰዎች ከዕለት ሪፖርቱ ላይ ለጊዜው ጎድለው ነበር። ከላቦራቶሪ በሲኤስቪ የመጣው ዝርዝር የተገለበጠው በድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ላይ ነው። እሱ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። የተረፈው ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። በዚያው ዓመት የዘረመል ሊቃውንትም ለአንዳንድ ጂኖች፣ ለዘር ቅንጣቶች ማለት ነው፣ አዲስ ስም ማውጣት ነበረባቸው፤ ማርች 1 የሚባለውን ጂን ኤክሴል የፈረንጁ ማርች ወር መባቻ እያደረገ ስላስቸገራቸው። ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ።

ከሁሉም የወደድኩት ግን መልስ 8ን ነው። የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ በፊት የሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። እዚያ አድራሻ ውስጥ ኮማ እየገባ ዓምዶቹን ያንሸራትትባቸው ነበር። አለቃው ተበሳጭቶ ኮማ ይቅር፣ መለያው ስላሽ ይሁን ብሎ አዘዘ። ስላሽ አድራሻ ውስጥ አይገባም ብሎ ነው። በማግሥቱ ዳታቤዙ ውስጥ ወ የሚባሉ ሴቶች ፈሉ። ወ/ሮ ዘይነባ ስሟ ወ፣ የአባቷ ስም ሮ ዘይነባ ሆነ። ገ/መድህን ለሁለት ተከፈለ። ደ/ወሎ ተሰነጠቀ። ቀኑ ደግሞ በስላሽ የተጻፈ ስለነበር ቀኑ አንድ ዓምድ፣ ወሩ አንድ ዓምድ፣ ዓመቱ አንድ ዓምድ ያዘ። ዓመቱም የብር መጠን በሚገባበት ዓምድ ውስጥ ስለወደቀ፣ ያ ወረዳ በሙሉ የሁለት ሺህ ብር ባለዕዳ ሆኖ አደረ። አለቃው ይህን ሪፖርት አይቶ እንዴት እንዲህ እኩል ሊበደሩ ቻሉ ብሎ ጠየቀ አሉ። ቡና እየጠጣሁ ነበር የማነበው፤ ትን አለኝ።

መልስ 9 ቁም ነገሩን አወጣው። ኮማን መሸሽ አያስፈልግም፤ ኮማ ያለበትን ጽሑፍ በጥቅስ ምልክት መክበብ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 4180 የተባለው የሲኤስቪ አጻጻፍ ሰነድ ይህንኑ ነው የሚለው። በውስጡ ጥቅስ ምልክት ካለ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ኤክሴል ይህን በራሱ ያደርገዋል። እኛ የሚቀረን ለማይኤስኪውኤል ኢንክሎዝድ ባይ በሚለው መንገር ነው። ካልነገርነው ጥቅሱን እንደ ፊደል ቆጥሮ ያስገባዋል። አያይዞም አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ፋይሉን በእጅ የሚጽፍ ሰው ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ የሚጽፈው ነጠላ ሰረዝ ነው፣ ኮማ አይደለም። ለዓይን ሁለቱም መለያ ይመስላሉ። ለዳታቤዙ ግን ነጠላ ሰረዝ እንደ ማንኛውም ፊደል ነው፤ መስመሩ በሙሉ አንድ ዓምድ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ መልስ 10 ቀልደኛ ነገር አመጣ። ለምን በራሳችን በሁለት ነጥብ አንለይም? አያቶቻችን ቃል ከቃል የለዩት በእሱ አይደለም ወይ? መልስ 11 በቁም ነገር ወሰደው። ፖስትግሬስ በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ አይሆንም አለ። እዚያ ፋይል የሚጭነው ኮፒ የሚለው ትእዛዝ የሚቀበለው መለያ አንድ ባይት ብቻ የሚይዝ ምልክት ነው። የእኛ ሁለት ነጥብ ደግሞ እንደ ፊደሎቻችን ሁሉ በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። ማይኤስኪውኤል ግን ከአንድ በላይ ምልክት ያለው መለያ ስለሚቀበል እዚያ ይቻላል።

ከዚህ በኋላ መልስ 12 እና 13 ተያያዙ። 12 የማይኤስኪውኤል ሰው ነው። ፖስትግሬስ በአንድ የተበላሸ መስመር ምክንያት ሙሉውን ፋይል አሽቀንጥሮ ይጥላል፤ አሥር ሺህ ጤነኛ ረድፍ በአንዱ ኃጢአት ይኮነናል ብሎ ተሳለቀ። 13 ደግሞ ጥሩ ነገር ማለት እሱ ነው አለ። ስህተቱን ፊት ለፊት የሚናገር ይሻላል ወይስ ዝም ብሎ ዜሮ እየዘራ የሚያልፍ? ለማይፈልገው ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 17ኛው ዝርያ የተበላሸውን ረድፍ ዝለል የሚል አማራጭ ጨምሯል። ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አልደግመውም። ወላጆች ተጠርተዋል።

ያበረዳቸው መልስ 14 ነው። ቋሚ መስመርን፣ ፓይፕ የምንላትን፣ ዛሬ ሰው መለያ አድርጎ ይጠቀምባታል፤ አዲስ ነገር ግን አይደለም አለ። የሳባ ፊደል በተቀረጸባቸው ድንጋዮች ላይ ቃልና ቃልን የምትለየው ያቺው ቀጥ ያለች መስመር ናት። ሁለት ነጥብ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። እኔ እንደሆንኩ በዚህ ተደመምኩ። ለሥራዬ ምንም አልጠቀመኝም፤ ግን ተደመምኩ።

መልስ 15 ይህን ሰምቶ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወሰደን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ቦታ ነው፣ የጽሕፈት ነገር ከተነሣ እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ ምን ትጨነቃለች አለ። ገዳሙ ሴት እንደማያስገባ ረስቶታል መሰለኝ። ከገዳሙ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደና ስለ ጥብስ ቆሮሶ ጻፈ። በእሱ ሥር ሦስት ሰው ምላሱን እየላሰ ምልክት አደረገ። ሐይቁ እንዲህ ነው፣ ስለ ምን ጀምረህ ስለ ዓሣ ትጨርሳለህ።

መልስ 16 በደረቁ መለሰን። ለመለያ ብቻ ተብሎ የተሠራ ምልክት ከጥንት ጀምሮ አስኪ በሚባለው የኮምፒውተር ምልክቶች የቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ አለ አለ። ቁጥር 31 ዓምድን ይለያል፤ ቁጥር 30 ረድፍን። ማንም በኪቦርድ ስለማይጽፋቸው ከስም ጋር አይጋጩም። ችግሩ በኖትፓድ ሲከፈቱ የሚነበብ ነገር አይሆኑም፤ ለዚህም ነው ሰው ኮማና ታብ ላይ የቀረው።

መልስ 17 ወሎን ከማያውቅ ሰው መጣ። ካሳየሁት ናሙና ላይ አንድ ከባድ ስህተት እንዳገኘ በትሕትና ገለጸ። ዓምዶቼ ተንሸራተዋል፣ ምክንያቱም አንዱ ረድፍ ላይ ስሙ ሁሴን፣ የአባቱ ስም ደግሞ ኃይለማርያም ነው። የሁለት ሰው መረጃ ተቀላቅሏል ብሎ አስጠነቀቀኝ።

መልስ 18 እና 19 ሳቁበት። በክፋት አይደለም። 18 የራሱ አያት ሙሐመድ ወልደማርያም እንደሚባሉ ተናገረ። 19 ደግሞ እናቱ ቤት ፋሲካም ኢድም እንደሚከበር፣ የሚቸግረው ሥጋው በሁለት ቢላዋ መታረዱ ብቻ እንደሆነ አወራ። ይህ ስህተት አይደለም፣ ወሎ ነው አሉት። 17 ይቅርታ ጠየቀ። ምሳ ተጋበዘ። የምሳው ቀን እስካሁን አልተቆረጠም።

የስሙ ጨዋታ ደግሞ መልስ 20ን ቀሰቀሰ። ኦራክል በሚባል ሌላ ዳታቤዝ ላይ የሠራ ሰው ነው። የስም ዓምዱ 20 ተብሎ ተሠርቶ ነበር። ኦራክል እንዲሁ 20 ሲባል በልማዱ የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። የእኛ ፊደል ሦስት ሦስት ባይት ስለሚይዝ ከስድስት ፊደል በላይ አይገባም። ሰይድ ገባ፣ አሊ ገባ፣ ተስፋዬ ገባ። ወልደገብርኤል ስምንት ፊደል ነው፣ ውጭ ቀረ። አብዱልቃድርም ሰባት ነው፣ እሱም ቀረ። ቢያንስ በሃይማኖት አላዳላም አለ። የማይኤስኪውኤሉ 20 ግን ፊደል ነው የሚቆጥረው፤ እዚያ ሁለቱም ይገባሉ።

አሁን ወደ ከባዱ መጣን። የእኔ ቀን። መልስ 21 የመርሳ መምህር ነው፤ መምህርነቱ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ቀኖቹ በማን አቆጣጠር እንደተጻፉ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ ራሱ መለሰ። ዜሮ የሆኑትን ረድፎች ከዋናው ፋይል ጋር አስተያይ አለኝ፤ ሁሉም የጥቅምት መጨረሻና የጳጉሜን ቀኖች ይሆናሉ አለ። አስተያየሁ። እውነቱን ነው፣ አንድ አልሳተም። ዴት የሚባለው የዓምድ ዓይነት የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ሁለተኛው ወር ለእኛ ጥቅምት ነው፣ 30 ቀን አለው። ለእሱ ፌብሩዋሪ ነው፤ 30 የሚባል ቀን የለውም። 13ኛ ወርማ ጭራሽ ሰምቶም አያውቅ። ስለዚህ በዓመት ሰባት ቀን ይጥላል አለ።

መልስ 22 ቁጥሩን አረመ። ሰባት የሚሆነው በ2017 ነው። በ2015 ጳጉሜን 6 ስለነበረች የሚጣለው ስምንት ቀን ነው። 2016 ለፈረንጁ ሲቆጠር ፌብሩዋሪ 29 ያለው ዓመት ስለሆነ ጥቅምት 29 ያልፋል፤ ስድስት ቀን ብቻ ይጣላል። 21 እርማቱን ተቀበለና ዋናውን ነገር ተናገረ። የተጣሉት ቀኖች ዕድለኞች ናቸው፣ ቢያንስ ታይተዋል። የቀሩት ከ350 በላይ ቀኖች የሌላ ሰው ልብስ ለብሰው ገብተዋል። የካቲት 12 ቀን 2015 የፈረንጁ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2023 ነው። ዳታቤዙ ግን ጁን 12 ቀን 2015 ብሎ ይዞታል፣ አልተጠራጠረም። ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 1 ስንት ቀን ነው ብትይው 31 ይልሻል አለ፤ መስከረምን ጃንዋሪ አድርጎ ስለሚቆጥር። የማዳበሪያ ብድር ወለድ በቀን የሚታሰብ ከሆነ ትርፏ አንድ ቀን የማን ናት?

ይህን ያነበብኩት ማታ ነው። ላፕቶፑን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ስለ ጥያቄ ምልክቱ ስጮህ፣ ዝም ብሎ የገባውን አንድም ቀን አላየሁትም።

መልስ 23 ያኔ ጨው ነሰነሰብኝ። ማን ነው ለዚህ ሥራ የቀጠረሽ ከማለት አልተመለሰም። ትእዛዙ ሲጨርስ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ስንት ረድፍ እንደገባ፣ ስንት እንደተዘለለ፣ ስንት ማስጠንቀቂያ እንዳለ። አይተሽዋል ወይ? አላየሁትም። ሾው ዋርኒንግስ ብሎ ዝርዝሩን መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ያም ቢሆን ሳይነካ ከተተወ የሚይዘው የመጀመሪያዎቹን 1024 ብቻ ነው። ሌላም አለ። ሎካል ስንል ሰርቨሩ እየመጣ ያለውን ፋይል መሃል ላይ ማስቆም አይችልም። ስለዚህ በሌላ ጊዜ ስህተት ብሎ የሚቆምበትን ነገር ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ አድርጎ ይቀጥላል። የተበላሸው ቀን ዜሮ ሆኖ የገባው ለዚያ ነው። ጨዋ ሰው ቢጽፈው ከክሩ ሁሉ የተሻለው መልስ ይህ ይሆን ነበር። አሁንም ከተሻሉት አንዱ ነው። ግን ምን አስቆጣው?

ይህን የጠየቅሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። መልስ 24 ደሴ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። በዚህ መድረክ አንቱ የሚባሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። በአንድ ጣት እንደሚጽፉ እናውቃለን፤ መልሳቸው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። 23ን በሁለት ቃል ልጄ ተው ብለው ገሠጹት። ከዚያ ለእኔ ዘዴውን ዘረዘሩልኝ።

ፋይሉ መጀመሪያ የሚገባው ወደ ዋናው ቴብል አይደለም አሉ። ማረፊያ ይሠራለታል። ስምንቱም ዓምድ ጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑም፣ ኩንታሉም፣ ስልኩም። ጽሑፍ የማይቀበለው ነገር ስለሌለ ምንም አይጣልም፣ ምንም አይለወጥም። እንግዳ መጥቶ በቀጥታ እልፍኝ አይገባም፤ መጀመሪያ አቧራውን ያራግፋል። ከማረፊያው ወደ ዋናው ስናሻግር ነው እያንዳንዱን የምንመረምረው። ለቀኑ ደግሞ አንድ ትንሽ ቴብል እንድሠራ መከሩኝ። በአንድ ዓምድ የእኛ ቀን፣ በሌላው የፈረንጁ፤ ለእያንዳንዱ ዕለት አንድ ረድፍ። ለአሥር ዓመት ቢሆን 3,652 ወይም 3,653 ረድፍ ነው፣ ምንም አይደለም። ሁለቱን ማገናኘት ነው። ሳይገናኝ የቀረ ቀን ካለ እሱ በእጅ ይታያል። የእኛው ቀን የተጻፈበት ዓምድም አይጣል፣ ከጎኑ ይቀመጥ አሉ። ገበሬው መጥቶ መቼ ነው የተመዘገብኩት ቢል ፌብሩዋሪ ልትይው ነው?

መልስ 25 የእኔ ነው። ከኤክሴሉ እንደገና አወጣሁ፣ ስልኩንም ከየቀበሌው ፋይል ላይ ቴክስት አድርጌ መለስኩት። ሎካልን ትቼ ፋይሉን በተፈቀደው ፎልደር አስቀመጥኩ። ስጭን መሃል ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ሲመለስ ማረፊያው ባዶ ነበር፣ አንድም ረድፍ የለም። ደነገጥኩ፤ ጋሼ ግን ጥሩ ነው አሉ፤ ኢኖዲቢ፣ ማይኤስኪውኤል ውስጥ ዳታውን የሚያስቀምጠው ክፍል፣ ወይ ሙሉውን ያስገባል ወይ ምንም አያስገባም፣ ግማሽ ቢገባ ነበር የሚያስለቅስ። ድጋሚ ጫንኩ። ስሙ ስም ሆነ፣ ቀኑ ቀን ሆነ። ግን የሚገበዩበት ከተማ ሐይቅ የሆኑትን አምጣ ስለው ማንንም አላመጣም። ዓይኔ እያየ ሐይቅ፣ ሐይቅ፣ ሐይቅ ይላል።

መልስ 26 ርዝመቱን በባይት እንድጠይቀው ነገረኝ። ሐይቅ ሦስት ፊደል ነው፣ ዘጠኝ ባይት መሆን አለበት። አሥር አለኝ። አሥረኛዋ ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ የሚተክላት የማትታይ ምልክት ናት። ዊንዶውስ መስመርን በሁለት ምልክት ይዘጋል፤ እኔ ደግሞ በአንዱ ብቻ ነው የሚዘጋው ብዬ ነግሬው ነበር። ሌላኛዋ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ተለጥፋ ገባች። ይህን አስተካክዬ ስጠይቅ ሐይቅ መጣ። ሁሉም ግን አልመጡም። በየቀበሌው ያለው ጸሐፊ ከተማዋን እንደመሰለው ጽፏታል፤ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በሀ፣ አንዱ በሃ፣ አንዱ በኃ። ለእኛ አንድ ከተማ ናት። ለዳታቤዙ አራት ናቸው። ትክክለኛው የቱ ነው በሚለው ላይ እንደገና ክርክር ሊነሣ ሲል ጋሼ ገቡ።

በመልስ 27 አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ፋይሉ ስንት መስመር ነው፣ ቴብሉስ ስንት ረድፍ? ርእሷን ቀንሼ ቆጠርኩ። ቴብሉ በአንድ አነሰ። ከሰዓቱን በሙሉ ፈለግሁ። ከመለያ ቁጥሮቹ አንድም አልጎደለም፣ ሰውም አልጠፋም። አንድ ግን ይጎድላል።

ያገኘሁት ሲመሽ ነው፤ መልስ 28 አድርጌ ጻፍኩት። የወረባቦ ገበሬ ናቸው። አድራሻቸውን የሞላው ልጅ በአንዱ ሳጥን ውስጥ መስመር ሰብሮ ጽፎታል። ጥቅሱ ስለከበበው ዳታቤዙ አንድ ረድፍ አድርጎ ወስዶታል፣ ኖትፓድ ግን ሁለት መስመር ብሎ ቆጥሮታል። አድራሻው እንዲህ ነው፦ ከመስጊዱ በታች። ከዚያ አንድ መስመር ወርዶ፣ ዋርካው ሥር።